ሦስተኛው ክምር

ገዳዩ «ገደልኩ» ይላል፤ የሟች ልጅ «አልገደለም» ትላለች።

ኢንስፔክተር ቬሊን ጋቼቭ በሥራ ዘመኑ የለመደው የዚህን ተገላቢጦሽ ነበር። የተያዘው ይክዳል፣ የሞተበት ጣቱን ይቀስራል፣ መርማሪ ደግሞ በሁለቱ መሃል ይኳትናል። ዛሬ ግን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ቃሎች ጭንቅላቱን ይዘውታል።

«ስታሜንን የመታሁት እኔ ነኝ» ይላል አንደኛው። ቃሉን የሰጠው ክራስትዮ የሚባል የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነው። «ምሽጉ መናፈሻ ውስጥ የድሮ ገንዘብ አገኘን። ስንካፈል ተጣላን። ጉድጓዱ ላይ አጎንብሶ ሳለ በገዛ አካፋው ከኋላው መታሁት። የምጨምረውም የምቀንሰውም የለኝም።»

«ክርስትና አባቴ አባቴን አልመታውም» ይላል ሁለተኛው። ይህ የሟች ልጅ የዲልያና ቃል ነው። «እነሱ አበልጆች ናቸው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ክፉ ቃል ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ከቤት የወጣው ብቻውን ነው። የመታው ክርስትና አባቴ ግን አይደለም። በዚህ በፈለጋችሁት አስምሉኝ።»

ሳጅን ራዶይ ሁለቱንም አንብቦ ጨረሰና ወንበሩን ወደኋላ ገፋ።

«አለቃ፣ እኛ ምን ቸገረን? ሰውየው አምኗል። ሳንቲሞቹ ኪሱ ውስጥ ተገኝተዋል። አካፋው እጁ ላይ ነበር። ስልክ ደውሎ የጠራንም እሱ ነው። ከዚህ በላይ ምን ያድርግልን፣ ቡና አፍልቶ ይጠብቀን?»

«ማንም ሰው እንዲህ አመቻችቶ አይገድልም» አለ ጋቼቭ።

«ሽማግሌ ነዋ። ሽማግሌ ሥርዓት ይወዳል።»

ጋቼቭ አልሳቀም። ነገ ጠዋት ዐቃቤ ሕጓ ትመጣለች። እሷ ደግሞ ካመነ ሰው ጋር ጊዜ የምታጠፋ ሴት አይደለችም። ክራስትዮ ወህኒ ይወርዳል። የሽማግሌው ሳንባ ከበቃው ቆይቷል፤ ደረጃውን ሲወጣ እንኳ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ነው የቆመው። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በፊት እስር ቤቱ ራሱ ይፈርድበታል።

*

ሬሳው የተገኘው ማለዳ ነው፤ የዳኑብ ጉም ከመናፈሻው ገና አልተነሳም ነበር። ስታሜን ከምሽጉ ግንብ ሥር ካለው ትልቅ ዛፍ አጠገብ ወድቋል። ፊቱ ወደ ግንዱ ዞሯል፣ የሱፍ ቆቡ እስከ አገጩ ድረስ ወርዶ ፊቱን ሸፍኖታል። እጁ ላይ፣ ማርች ሲገባ የቤት ሰው ለጤና የሚያስረው ቀይና ነጭ ክር ታስሯል፤ አዲስ ስለሆነ ነጩ ገና አልቆሸሸም። ክራስትዮ ትንሽ ራቅ ብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አካፋውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ይጠብቃቸው ነበር።

ጋቼቭ በዚሁ ጠዋት ያየውን አሁን በልቡ አንድ በአንድ ደረደረው።

አንደኛ፣ ጉድጓዱ። ራዶይ መጀመሪያ ላይ ጨርሶ አላገኘውም ነበር። ስታሜን ሣሩን እንደ ሣጥን ክዳን በሦስት ጎን ቆርጦ፣ በአራተኛው ጎን ገልብጦ፣ ቆፍሮ ሲጨርስ አፈሩን መልሶ፣ ክዳኑን ገጥሞ በእግሩ ይረግጠዋል። ሥራውን የማያውቅ ሰው ጉድጓዱ ላይ ቆሞ ጉድጓዱን ይፈልጋል። ያ ጉድጓድ ተከድኖ፣ ሣሩም ተበጥሮ ነበር የተገኘው።

ሁለተኛ፣ ጋዜጣው። አግዳሚው ወንበር ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሳንቲሞቹ ከነጭቃቸው ተቆልለውበት እንደነበር ያስታውቃል፤ ሦስት ክብ የጭቃ ምልክት ትተውበታል። ሁለት ሳይሆን ሦስት።

ሦስተኛ፣ ብረት ጠቋሚው መሣሪያ። ዛፉን ተደግፎ ቆሟል፤ ማዳመጫው እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል። ራዶይ የልጅነት አመል ይዞት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሊያጠልቅ ሞከረና ፊቱን አጨማደደ።

«ኧረ ይሄ የሰው ነው የድመት? ጆሮዬን ነከሰኝ እኮ።»

«የማስረጃ ዕቃ ነው፤ አውልቅ» ብሎት ነበር ጋቼቭ፤ ከዚያ ወዲያ አላሰበበትም።

*

«ጋሽ ክራስትዮ፣ ሲጋራ ልስጥዎት?»

«ልትገድለኝ ነው?» አለ ሽማግሌው። የሳቀ መሰለና ሳል አቋረጠው። «ተወው ልጄ። ጠይቅና ልረፍ።»

«ሲመቱት ጉድጓዱ ላይ አጎንብሶ ነበር ብለዋል።»

«አዎ።»

«ጉድጓዱ ክፍት ነበር?»

«ክፍት ካልሆነ ምን ያጎነብሳል?»

«ታዲያ ማን ዘጋው?»

ክራስትዮ ጣቶቹን አየ። «እኔ። ልማድ ነው። የቆፈሩትን መዝጋት ነው።»

«አበልጅዎን ገድለው ሲያበቁ ሣር አስተካከሉ?»

«አስተካከልኩ።»

«ቆቡንስ? ፊቱ ላይ ማን አወረደው?»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ዘገየ። ጋቼቭ ያንን ዝምታ ያውቀዋል፤ የማያስታውስ ሰው ዝምታ አይደለም፣ የሚመርጥ ሰው ዝምታ ነው።

«እኔ ነኝ። ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።»

«ከመምታትዎ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

ጋቼቭ ብዕሩን አስቀመጠ። ሐኪሙ ጠዋት የነገረው ሌላ ነበር። ምቱ ያረፈው ከቆቡ ላይ ነው፤ ሱፉ እዚያው ተቀዷል። ቀዳዳው ደግሞ ከቁስሉ ጋር ገጥሟል። ቆቡ ከምቱ በኋላ ወደታች ተስቦ ቢሆን ኖሮ ቀዳዳውም አብሮት ይወርድ ነበር። ስታሜን ሲመታ ዓይኑ ተሸፍኗል።

«ጋሽ ክራስትዮ፣ ይዋሻሉ።»

«ሰው ለመዳን ይዋሻል። እኔ ለመታሰር የምዋሽ ጅል እመስልሃለሁ?»

«አይመስሉም። እኔን ያስጨነቀኝም እሱ ነው። ማንን እየሸሸጉ ነው?»

ሽማግሌው መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ እየተነፈሰ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ «መታሁት» ከሚለው ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም።

*

«ሦስት ክምር፣ ሦስት ሰው» አለ ራዶይ መኪናው ውስጥ። «ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። ሦስተኛው ያገኙትን የሚገዛው ነው። እሱ ቆቡን ከኋላ ሳበበት፣ መታው፣ ሽማግሌውን ደግሞ አስፈራርቶ አሳመነው።»

ከተማው ውስጥ ከመሬት የወጣ ሳንቲም የሚገዛው ሰው አንድ ነው፤ አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ፔንኮቭ። ሱቁ ውስጥ የተሰበረ ሰዓት፣ የወታደር ሜዳልያና የማንም ያልሆነ የቤተሰብ ፎቶ ሞልቷል። ቤታቸውን ዘግተው የሄዱ ሰዎች ዕቃ ሁሉ መጨረሻው እዚህ ነው፤ ከተማው በየዓመቱ ባዶ ሲሆን የፔንኮቭ ሱቅ ይሞላል።

«ኢንስፔክተር ጋቼቭ፣ እንኳን ደህና መጡ። ምን ልሽጥልዎ?»

«ዛሬ ማለዳ የት ነበርክ?»

ፔንኮቭ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «እናንተው ዘንድ። ከሩማንያ ስመለስ ድልድዩ ላይ ጓደኞቻችሁ አንድ የግድግዳ ሰዓት አገኙብኝና ከሌሊት ጀምሮ እስከ ረፋድ አስቀምጠውኝ ነበር። ሰዓቱ አይሠራም ብላቸው ማን ይስማኝ። ደውሉና ጠይቁ።»

ራዶይ ደወለ። ነገሩ እውነት ነው፤ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የፔንኮቭም ፈገግታ ጠፋ።

«ስታሜን እውነት ሞተ?» አለ ድምፁን ቀንሶ። «ሞኝ ሰው ነበር፤ ይቅር ይበለው። ሁልጊዜ ‹ትልቁን ሳገኝ አልሸጥልህም› ይለኝ ነበር። ‹ታዲያ ምን ታደርገዋለህ?› ስለው ‹ልጄን እመልስበታለሁ› ይላል። አስቡት፤ በሳንቲም ሰው ሊመልስ።»

«የትኛውን ልጅ?»

«ስንት አለው? የሄደውን ነዋ። ካሊንን። እዚህ ያለችውን ምን ብሎ ይመልሳታል?»

*

ዲልያና በሩን የከፈተችው እጇን በሽርጥ እየጠረገች ነው። ጋቼቭ ያውቃታል። አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ እሱ ሁለት ክፍል ይቀድማት ነበር። ያኔ መዝሙር የምትመራ፣ ሁሉም ሰው «ይቺ እዚህ አትቀርም» የሚላት ልጅ ነበረች። ቀረች። እናቷ ታመመች፣ ቀጥሎ አባቷ አረጀ፣ ጣሊያን አገር የተገኘላት ሥራ ሁለት ጊዜ አለፋት።

«ቬሊን፣ ክርስትና አባቴን መቼ ነው የምትፈታው?»

«ገደልኩ እያለ እንዴት ልፍታው?»

«ውሸቱን ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አውቃለኋ።» ጀርባዋን ሰጥታው ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ማማሰል ጀመረች። ድስቱ ውስጥ ግን ውሃ ብቻ ነበር።

ጋቼቭ ወጥ ቤቱን ቃኘ። ንጹሕ ነው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ንጹሕ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ተደፍቷል፣ አጠገባቸው ሦስት ማንኪያ።

«ማነው ሦስተኛው?»

ዘወር ብላ ሳህኖቹን አየቻቸው። ለረጅም ጊዜ እንዳላየቻቸው ሁሉ አፍጥጣ ቆየች።

«የካሊን ነው።»

«መጥቷል?»

«ካሊን?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሳቅ አልነበረም። «ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው እኮ። ሳህኑን በየቀኑ የማነሳውም የምመልሰውም እኔ ነኝ። አባቴ ነው ያዘዘው።»

ጋቼቭ አላመናትም። ክራስትዮ የካሊንም ክርስትና አባት ነው። ሽማግሌው ራሱን ለማን ብሎ እሳት ውስጥ ይጥላል? እህትስ አባቷን የገደለውን ለማን ብላ ትሸሽጋለች? ለወንድሟ ካልሆነ ለማን? የስልክ ቁጥሩን ተቀብሎ ከደጅ ቆሞ ደወለ።

የመለሰው ሰው ከበስተኋላው የማሽን ድምፅ ይሰማበታል። ስፔን ውስጥ በላስቲክ ቤት ቲማቲም ይለቅማል። ጋቼቭ መርዶውን ነገረው። አለቃው ስልኩን ተቀብሎ በተሰባበረ ቋንቋ ካሊን ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ እንዳልጎደለ አስረዳ። ካሊን ስልኩን መልሶ ሲይዝ ያለቅስ ነበር።

«ማን ይቀብረዋል?» አለ። «በዚህ ሳምንት አይለቁኝም። ዲልያና አለች አይደል? እሷ ታደርገዋለች። እሷ ሁልጊዜ ታደርገዋለች።»

ጋቼቭ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዲልያና በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር።

«አይመጣም፣ አይደል?»

«አይችልም አለ።»

«ስለ እኔ ጠየቀ?»

ውሸት ሊነግራት አሰበ። አፉ ግን እምቢ አለው። እሷም ዝምታውን እንደ መልስ ተቀብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

*

ሲመሽ ጋቼቭ ወንዙ ዳር ወረደ። የሚሄድበት ጠፍቶት ነው። ነጋዴው ንጹሕ ነው፣ ልጁ ስፔን ነው፣ ሽማግሌው ይዋሻል፣ ጊዜው እያለቀ ነው። አባቱ ዓሣ አስጋሪ ስለነበር ነገር ሲጠፋው እግሩ ወደ ወደቡ ይወስደዋል።

ሦስት ሰዎች ጀልባቸውን ወደ ዳር ጎትተው የቀኑን ዓሣ ሸራ ላይ ይከፋፍሉ ነበር። የሚካፈሉትን አይቶ ሊያልፋቸው ሲል አንደኛው ለሌሎቹ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ከዚያም ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ እስከ አፍንጫው ድረስ ወደታች ሳበው።

ጋቼቭ ባለበት ቀጥ አለ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ሁለተኛው፣ በቦቲ ጫማው አንዱን ክምር እየነካ።

«የኢቮ» አለ ባለቆቡ።

«ይሄስ?»

«የእኔ።»

«ምን ዓይነት ዕድል ነው፣ ቆቡ ተቀዶ ያሳየዋል እንዴ?» አለና ተሳሳቁ።

አባቱም እንዲህ ያደርግ ነበር። የዚህ ወንዝ ሰው በሙሉ፣ ዓሣ ይሁን ማገዶ፣ ያገኘውን እኩል አድርጎ ይከምርና በጀርባ ዕጣ ይካፈላል። አንዱ ዓይኑን ይሸፍናል፣ ሌላው ይጠይቃል፣ ያላየው ይፈርዳል። ማንም በማንም ቅር አይሰኝም። ስታሜንን ማንም ቆቡን አልሳበበትም። ራሱ ነው ያወረደው። ከኋላው ከቆመው ሰው ጋር እየተካፈለ ነበር።

ወዲያው ደግሞ ሸራው ላይ ያለውን አየ። ሰዎቹ ሦስት ናቸው፤ ክምሩ አራት ነው።

«አራተኛው የማን ነው?» አለ ጠጋ ብሎ።

«የሳሾ ነዋ» አለ ኢቮ። «ሆስፒታል ነው።»

«መቼ ይወጣል?»

«እሱን እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«ታዲያ ለማይበላው ሰው?»

ኢቮ ሞኝ እንዳየ ሰው ቀና ብሎ አየው። «አንተ የማን ልጅ ነህ? ለሌለ ሰው ድርሻ ካልተቆረጠለት መመለሻ መንገዱ ይጠፋበታል።»

ጋቼቭ ጉንጩ ሲግል ተሰማው። እናቱ በገና ዋዜማ ዳቦ ስትቆርስ ባሕር ማዶ ለቀረው አጎቱ ሁልጊዜ ትቆርስ ነበር። ያን ቁራሽ አይቶ ያደገ ሰው፣ ጋዜጣው ላይ ሦስት ክብ ሲያይ ሦስት ሰው ቆጠረ። ሦስት ሳህን ሲያይ ደግሞ እንግዳ ፈለገ። ሁለት ሰው ነበር የተካፈለው። ሦስተኛው ክምር የካሊን ነው።

ሁለተኛው ሰው ማነው? በዚያ ሳንባ ክራስትዮ አካፋ አንስቶ ሰው ሊመታ አይችልም። ስታሜን ደግሞ ከሌላ ባዳ ጋር ለልጁ ድርሻ አያስቀምጥም፤ ባዳም አይፈቅድለትም። የቤት ሰው ነው። ያኔ የራዶይ ቀልድ ትዝ አለው፤ ጆሮውን የነከሰው ማዳመጫ። የስታሜን ጭንቅላት እንደ ዱባ ትልቅ ነበር። ማዳመጫው እስከ መጨረሻው ጠቦ የተስተካከለው ለትንሽ ጭንቅላት ነው።

ዳኑብን እያየ ብዙ ቆመ። ያወቀው ነገር ባይታወቅ ይሻል ነበር።

*

በማግስቱ ጠዋት ዲልያና ለክራስትዮ ወፍራም ሹራብ ይዛ ጣቢያው መጣች። ዐቃቤ ሕጓ ገና መንገድ ላይ ናት። ጋቼቭ ሁለቱንም ወደ ቢሮው አስገባቸው። ራዶይን በሩ ላይ አቆመው። አካፋው በላስቲክ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል።

ዲልያና ሹራቡን ለሽማግሌው ሰጥታ ወዲያው ወደ መስኮቱ ሄደች። እሱን ማየት አልቻለችም። ጀርባዋን ሰጥታቸው ቆመች።

«ዲልያና» አለ ጋቼቭ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ። መልስ አልጠይቅሽም።»

«ንገረኝ።»

«አባትሽና አንድ ሌላ ሰው ማለዳ ወጡ። መሣሪያውን ያ ሰው ነው ያዳመጠው፤ የአባትሽ ጆሮ ደክሟል። ብረት ሲሆን ያጉረመርማል፣ ብር ሲሆን ይዘምራል ይባላል። ዘመረለት። ቆፈሩ፣ አወጡ። ትልቁ ነገር እሱ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን የፈለገው። መጀመሪያ ጉድጓዱን ዘጉ። ቀጥሎ ወርቁንና ጠገራውን ጋዜጣ ላይ ሦስት ቦታ ከመሩ። አባትሽ ወደ ዛፉ ዞሮ ቆቡን አወረደ። ያ ሰው አንዱን ክምር ጠቁሞ ‹የማን ነው?› አለው። ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

ክራስትዮ ከወንበሩ ሊነሳ ሞከረ። «ልጄ፣ አንተ ተረት እያወራህ ነው። እኔ ነኝ ብያለሁ።»

«እርስዎ ጉድጓዱ መዘጋቱን አላወቁም። ቆቡንም ለምን እንዳደረገ አላወቁም። የደረሱት ካለቀ በኋላ ነው። አንድ ሰው እየሮጠ ቤትዎ መጣ፤ እርስዎ ‹ሂጂ፣ ምድጃሽን አንድጂ፣ ቤት ነበርሽ› አሉ፤ ከዚያ ሄደው ሳንቲሞቹን ኪስዎ ከተቱ።»

ሽማግሌው አፉን ከፈተ፤ ሳሉ ቀደመው።

ዲልያና ከመስኮቱ ሳትዞር ተናገረች። ድምፅዋ የራቀ ሰው ድምፅ ይመስላል።

«ያ ሰው ከሦስቱ የሚያምረውን ቢጠቁምስ? በልቡ ‹እግዜር ካለ ይሄ የእኔ ይሆናል፣ ይሄን ይዤ እሄዳለሁ፣ የትም ይሁን የት እሄዳለሁ› ብሎ ቢጠቁም። አባትየው ደግሞ ሳያይ ‹የካሊን› ቢል። በዚያ ላይ ቆቡ ውስጥ ሆኖ በደስታ ቢስቅ። ‹አየሽ፣ ዕጣው እንኳን አልረሳውም› ቢል።»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ» አለ ክራስትዮ። ልመና ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳቁን ሰምቶት የማያውቅ ቢሆን። አባትየው ለዚያ ሰው አንድም ቀን ስቆለት የማያውቅ ቢሆን።»

ራዶይ በሩ ላይ ሆኖ ጫማውን አየ።

በጋቼቭ እጅ ያለው ነገር ቆብና ማዳመጫ ነው፤ ቆብና ማዳመጫ ሰው አያስርም። ይህን እሷም ታውቃለች። ያመነ ሰው ደግሞ አለ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሹራቡን ደረቱ ላይ አቅፏል፣ ሲተነፍስ ደረቱ እንደ አሮጌ በር ያንቋርራል። ከታች መኪና ቆመ። በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ።

«መጥታለች» አለ ራዶይ ቀስ ብሎ።

«ዲልያና፣ እኔ ላስገድድሽ አልችልም። እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ነገር አንድ ነው፤ ለሁለት አይከፈልም። ባለቤቱ አሁን ካላነሳው ጋሽ ክራስትዮ ይዘውት ይሄዳሉ።»

እጁን አካፋው ላይ አሳረፈ። አባቱ ወንዙ ዳር እንደሚለው፣ ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ጠየቀ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ክራስትዮ ቶሎ ብሎ።

«ጋሽ ክራስትዮ፣ እርስዎም የወንዝ ሰው ነዎት» አለ ጋቼቭ። «በዚህ ዕጣ የሚመልሰው ጀርባውን የሰጠው ነው።»

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ወደ ላይ መጣ። ዲልያና ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው። እጇ ላይ ያለውን ቀይና ነጭ ክር፣ ከአባቷ ክር ጋር በአንድ ቀን ያሰረችውን፣ በጣቷ ያዘችው።

«የእኔ ነው» አለች።